ብቻውን የቆመው ምስማር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ መጀመሪያ የሰጠኝ ዕቃ መዶሻ ነው። ሻሼን አስተካክዬ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቼ፣ ነገሌ አንድ የመንግሥት ቢሮ በር ላይ ቆሜ፣ "ጀማሪ መረጃ ሰብሳቢ ተብዬ የተመደብኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ምስማር መምታት ትችያለሽ?" አለኝ። ያ አላህ፣ አናጢ ሊያደርጉኝ ነው እንዴ አልኩ በሆዴ።

ሰውዬው መስፍን ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጊዜው አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ስለሆነ ቢሮው ውስጥ ሁሉም "ጓድ" ነው። እኔ ግን የነገሌ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፣ አለቃን አንቱ ማለት ከእናት ጡት ጋር የጠጣሁት ነው። "ጓድ መስፍን፣ አንቱ" ስለው፣ "ኧረ እባክሽ፣ ገና ሠላሳም አልሞላኝ!" እያለ ይስቃል።

ግድግዳው ላይ ከበር የሚሰፋ ጣውላ ተደግፏል። ጣውላው ላይ ምስማር ተመትቷል፣ በምስማሮቹ መካከል ደግሞ ክር ተወጥሯል። "አንዱ ምስማር አንድ ቤተሰብ ነው" አለኝ። "አብረው ከብት የሚያጠጡትን በሰማያዊ ክር አያይዣለሁ። የተጋቡትን በቀይ። ክሩ የበዛበት ቦታ አንድ ማኅበረሰብ ነው፤ ክሩ የሳሳበት ቦታ ደግሞ ሊበጠስ የሚችልበት ነው። ይኼ የዛሬው ነው። እኔ የምፈልገው ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን ነው።"

"እንዴት አድርገው ነው ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን የሚያዩት? ጠንቋይ ነዎት?" አልኩት።

ሳቀና የዱቄት ወተት ጣሳ አነሣ። ውስጡ ነጭና ቀይ ቦሎቄ አለ። ለእያንዳንዱ ምስማር ዐይን ተጨፍኖ አንድ ፍሬ ይወጣለታል። ነጭ ከወጣ ዝናቡ ሠምሮለታል ማለት ነው፤ ክሩ ይቆያል፣ ከወዳጁ ወዳጅ ጋርም አንድ አዲስ ክር ይታሰርለታል። ቀይ ከወጣ ዝናቡ ከድቶታል፤ ከብቱን ይዞ ርቋልና አንድ ክር ይፈታበታል። ክር ያለቀበት ምስማር ይነቀላል። ሁሉም ምስማር ዕጣው ሲደርሰው አንድ ዙር አለቀ ይባላል።

የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ቦሎቄ ሳወጣና ክር ስፈታ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን ማን ነግሮኝ! በአራተኛው ዙር ላይ አንድ የነበረው የክር ጉብታ ለሁለት ሲከፈል ዐይኔ እያየ፣ "ኧረ ተለያዩ! ኧረ እየሄዱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። መስፍንም አብሮኝ ጮኸ። ከጎን ቢሮ ያለው ጸሐፊ እሳት የተነሣ መስሎት ሮጦ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ስህተት አገኘሁበት። አንዱን ዙር አንድ ዓመት ብሎ ነው የሚቆጥረው። "ጓድ መስፍን፣ እዚህ አገር ሰው በዓመት አይነሣም" አልኩት። "በዝናብ ነው የሚነሣው። ትልቁ ዝናብ ጋና አለ፣ ትንሹ ሐጋያ አለ። አንዱ ቢከዳ ሌላው ሊክስ ይችላል። ዙሩ በዓመት ሁለት መሆን አለበት።" እርሳሱን ወረወረና፣ "ይኼን ስሠራ ስድስት ወር ሙሉ የት ነበርሽ አንቺ?" አለኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አባቴ ግን ማታ ማታ ሱቁ ውስጥ የክር ጥቅል እየፈለገ፣ "ሰው ልጁን አስተምሮ ሐኪም ያደርጋል፤ የኔ ልጅ በመንግሥት ደመወዝ ክር ትጫወታለች" ይለኝ ነበር።

ረዳት ስታቲስቲክስ ሠራተኛ ከተባልኩ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የመጣው። ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ተደርምሶ፣ ከላይኛው ሜዳና ከታችኛው ሜዳ ሆነው እሱን ይጠቀሙ የነበሩ ቤተሰቦች ሁሉ ችግር ላይ ወድቀዋል። መንግሥት ዶዘር ሊልክላቸው ነው። የዶዘሩ ነዳጅና ጊዜ የሚበቃው ለሁለት ትናንሽ ኩሬ ወይም ለአንድ ትልቅ ኩሬ ነው። ትንሹ ኩሬ ቶሎ ይደርቃል፤ ትልቁ እስከሚቀጥለው ዝናብ ያደርሳል። የአውራጃው አስተዳዳሪ ያቀረበልን ጥያቄ አጭር ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ወደፊት አንድ ሆነው ይቆያሉ ወይስ ሁለት ይሆናሉ? አንድ ከሆኑ ትልቁ መሐል ይቆፈር፤ ሁለት ከሆኑ በየጫፋቸው አንድ አንድ ይቆፈር።

በየቤቱ እየዞርን የምንሞላውን የመጠይቅ ካርድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ እንደሱ የኮራሁበት ወረቀት የለኝም። ቦረና ከብቱን በቁጥር እንደማይናገር፣ መጠየቁም ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ "ስንት" የሚለውን ሰርዤ፣ "በበረትዎ ያለው ከብት ብዙ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ጥቂት ነው?" ብዬ ሦስት ሳጥን ሠራሁ። መስፍን ሲያየው፣ "አሁን ገና የአገሬው ሰው የጻፈው ካርድ አየሁ!" አለ። እኔም አመንኩት።

በሁለቱ ሜዳዎች መሐል፣ ከደረቀው ወንዝ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ ገልገሎ ይባላሉ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆች የሏቸውም፣ አንድ እግራቸው ያነክሳል። "አካኮ፣ ናጋ?" አልኳቸው፤ አካኮ አያቴ፣ ናጋ ደግሞ ሰላም እንደ ማለት ነው። "ናጋ፣ ናጋ" ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። በበረታቸው ሦስት ላሞች ቆመዋል። "ጥቂት" ሲሉኝ ያ ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ከማን ጋር ያጠጣሉ ስላቸው፣ "ከመጣው ጋር" አሉኝ። አማች የለም፣ ዘመድ አጠገባቸው የለም። ካርዳቸውን በአፍታ ጨርሼ ተነሣሁ፤ እንደ እሳቸው የቀለለ ካርድ አልነበረኝም።

ጣውላው ላይ ምስማራቸው ብቻውን ቆመ፣ አንድም ክር ሳይነካው። በመጀመሪያው ዙር ቀይ ቦሎቄ ወጣላቸው፤ ነቀልኩት። የት እንደማስቀምጠው ሳላስብ ምስማሩን ኪሴ ከተትኩት። የቀሩት ምስማሮች በስድስተኛው ዙር ተሰነጠቁ፤ የላይኛው ሜዳ ለብቻ፣ የታችኛው ሜዳ ለብቻ። ደግመን ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ያው። ሦስቴ፣ አራቴ ሞከርን፤ ያው ሁለት። መስፍን እጁን እያፋተገ፣ "ተመልከቺ፣ እንዴት ያለ ጥርት ያለ መልስ ነው!" አለ። ሪፖርቱ ተተየበ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሁለት ትናንሽ ኩሬ ተወሰነ።

ዶዘሩ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ቦታውን በካስማ ምልክት እንዳደርግ ተላክሁ። የላይኛውን ተክዬ ወደ ታችኛው ልሻገር ስል መኪናው ሌላ ሠራተኛ ሊያደርስ ሄደና፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አካኮ ገልገሎ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቀረሁ። እንኳንም ቀረሁ!

መጀመሪያ አንድ ጎልማሳ ከላይኛው ሜዳ በኩል መጣ። ጦሩን ዛፉ ላይ አስደገፈ፣ የከብቱን ናጋ፣ የልጁን ናጋ፣ የሜዳውን ናጋ ተጠያየቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቀይዋ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት" አላቸውና ውኃ ጠጥቶ በመጣበት ተመለሰ። ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ይቺን ሊናገር ነው የመጣው! ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ከታችኛው ሜዳ መጣች፤ የሆነች ላም ወተቷ እንደቀነሰ ተናገረች። ከእሷ በኋላ ሁለት ወንድማማቾች የላም ቆዳ ተሸክመው መጡ። "ቡሬዋን ጅብ ጣላት፤ ቆዳዋ ይኸው" ብለው ፊታቸው ዘረጉት። አካኮ ቆዳውን በእጃቸው ዳሰሱና፣ "ምን ይደረጋል፣ ሌላ ላም ትወስዳላችሁ" አሏቸው።

ወደ አካኮ ጠጋ አልኩ። "አካኮ፣ የነዚህ ሰዎች ላሞች የማን ናቸው?" አልኳቸው።

"የኔ ናቸዋ።"

"ታዲያ ጥቂት ነው አላሉኝም?"

"ኢንተላ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "በበረትዎ ያለው አልሽኝ። በበረቴ ያለውን ነገርኩሽ። ከብት ሁሉ አንድ በረት ውስጥ ቢታጎር አንድ በሽታ ይጨርሰዋል። ለቸገረው አውሰዋለሁ፤ ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃው የኔ ነው። ሲወለድ ይነግረኛል፣ ሲሞት ቆዳውን ያመጣልኛል። አባቴም እንዲህ ነበር ያደረገው።"

በስንቱ ቤት እንዳለ መጠየቅ ነውር ነው፤ አልጠየቅኩም። ግን የላይኛውም ሜዳ፣ የታችኛውም ሜዳ ሰው የእኚህ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ይገናኛል። እዚያው ይጨዋወታል፣ ልጅ ለልጅ ይጠያየቃል፣ ይታረቃል። እኔ ደግሞ ይኼን ሰው ነቅዬ ኪሴ ከትቻለሁ! አጠገቤ የተጋደመውን፣ ገና ያልተከልኩትን ካስማ እያየሁ፣ "ሁለቱ ኩሬ በሁለቱ ጫፍ ቢቆፈር ምን ይሆናሉ?" አልኳቸው።

አካኮ ያችን የምታነክስ እግራቸውን እያሹ፣ "የላይኞቹ እዚያ ይሰፍራሉ፣ የታችኞቹ እዚያ። ከብቴም ከነሱ ጋር ይሄዳል። እኔ ሁለቱም ጋ መድረስ አልችልም። ውኃ የሌለበት ቦታ ደግሞ ማን ብሎ ይመጣል?" አሉ። አላማረሩም፣ አልለመኑኝም። እኔ ግን ፊቴ በእሳት የተለበለበ ያህል ተቃጠለ። ወላሂ፣ አፈርኩ።

ነገሌ እንደደረስኩ በቀጥታ መስፍን ጋ ገባሁ። ሁሉንም ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣ። "ማኅተም ተመትቶበታል ኸይሪያ! አሁን ስህተት ነው ልበል?" አለ። ከዚያ ወደ ጣውላው ዞረ። ምስማሩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንሥቶ አገላብጦ አየውና፣ "ጣውላውን መኪና ላይ ጫኚ" አለኝ።

ሁለቱ ሜዳዎች የሚገናኙበት፣ አካኮ ዛፍ ሥር ጣውላውን አቆምነው። የየቤቱ ሰው ተሰበሰበ። መስፍን በችኮላ፣ "የአባ ገልገሎን ከብት የያዛችሁ እጃችሁን አውጡ!" ሲል ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ወይ ጉድ! ሰው መሐል ቆሞ የሰው ከብት ይቆጠራል እንዴ? በክርኔ ጎሸም አደረግኩትና፣ "ይተዉት፣ ለኔ ይተዉልኝ" አልኩት።

ከመኪናው የሸራ ልባስ ፈትቼ እንደ ድንኳን ወጠርኩና ጣውላውን ውስጥ አስገባሁ። የተነቀለውን ምስማር ከአሮጌው ቀዳዳ አጠገብ በመዶሻዬ መልሼ መታሁት። ከዚያ በኦሮምኛ፣ "አንድ አንድ እየሆናችሁ ግቡ። የራሳችሁንም የሌሎቹንም ምስማር አሳያችኋለሁ። ከሌላ ሰው ጋር በከብት የምትገናኙ ከሆነ ክሩን ራሳችሁ እሰሩት። ማንም አይጠይቃችሁም፣ ማንም አይቆጥርም" አልኳቸው። ምስማሮቹን አሳይቼ ፊቴን እያዞርኩ እመለስ ነበር። አንዱ ገብቶ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሴቶቹም ገቡ። አንዳንዱ ብዙ ይቆያል፤ ውስጥ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ይሰማኛል። ውጭ ያለው ሰው ሌላ ወሬ ያወራል፣ ማንም ማንንም አያይም።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ከመስፍን ጋር ሸራውን ገለጥነው። በነቢዩ ስም! የአካኮ ምስማር አይታይም። በክር ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ እንደ ልቃቂት አብጧል። ክሩ ከላይኛውም ሜዳ ይመጣል፣ ከታችኛውም ይመጣል፣ እዚያው ይቋጠራል። መስፍን አንዴ ጣውላውን፣ አንዴ ሽማግሌውን እያየ፣ "ያልተማርኩት እኔ ነኝ" አለ።

ቦሎቄውን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አወጡ። ሳዴቃ፣ የቦረናን ገበጣ፣ እንደሚጫወቱ ነበር የከበቡን። ቀይ ሲወጣ "ኧሃ!" ነጭ ሲወጣ ጭብጨባ። ስድስተኛው ዙር ደረሰ፤ አልተሰነጠቀም። ሰባተኛው ላይ ቀዩ ተደራርቦ ወጣ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ክር ተፈታ፣ መሐሉ ግን ያዘ። ሃያኛው ዙር ላይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ያው አንድ ናቸው። እኔ እየዘለልኩ ነበር። መስፍን ባርኔጣውን ወደ ላይ ወርውሮ እሾህ ላይ ተሰቀለበት። አካኮ ገልገሎ ብቻ ረጋ ብለው፣ "ይኼን ለማወቅ ይኼ ሁሉ ክር?" አሉ።

አስተዳዳሪው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቀበለንም። "ጓድ መስፍን፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ናቸው ብለህ ፈርመሃል። ዶዘሩ መንገድ ላይ ነው። መንግሥት በክር ነው እንዴ የሚሠራው?" አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ "ካርዱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የኔ ነው" አልኩ። መስፍን ደግሞ፣ "ሪፖርቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ" አለ። አስተዳዳሪው ለማን ቅጣት እንደሚሰጥ ግራ ገባው።

መስፍን ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ "እርስዎ ራስዎ ያውጡ። ቦሎቄው አንድ ናቸው ካላለ ሁለቱን ይቆፍሩ፣ እኔንም ከሥራ ያሰናብቱ" አለው። አስተዳዳሪው ለመሳቅ ያህል አንድ ፍሬ አወጣ። ሁለተኛ አወጣ። ኮቱን አወለቀ። በአሥረኛው ዙር ላይ ደጅ ባለጉዳይ እየጠበቀው፣ "ቆዩ፣ ቆዩ፣ ይኼ ሰውዬ ሊነቀል ነው!" እያለ ይጮህ ነበር። መለያየት እንዳልመጣ ሲያይ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ኩሬ፣ መሐል ላይ ይቆፈር የሚለውን ደብዳቤ በዚያው ቀን ፈረመ። ላይኛው ሜዳ የተከልኩትን ካስማ በገዛ እጄ ነቀልኩ።

ጋና ሲዘንብ ኩሬው ጢም ብሎ ሞላ። በዚያ ሰሞን ሄጄ ባየሁት ጊዜ የላይኛውም የታችኛውም ከብት ተራውን ጠብቆ ይጠጣል፤ አካኮ ከዛፋቸው ሥር ሆነው ሰላምታ ይቀበላሉ። ጠሩኝና አንዲት ትንሽ ጊደር አሳዩኝ። "ያንቺ ናት" አሉኝ። "አካኮ፣ እኔ ነገሌ ሱቅ ጓሮ የት አስራታለሁ?" ስላቸው፣ "አንቺ ጋ ትሁን ማን አለ? ታች ሜዳ ያለች ሴት ትይዝልሻለች" አሉኝ። እንባዬ መጣ። በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ጣውላው ጥግ ላይ ለራሴ አንድ ምስማር መታሁ። መስፍን ክሩን አቀበለኝ።

ዓመታት አለፉ። መስፍን ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ እኔ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ወጣት ባለሙያ ኮምፒዩተር ይዞ መጣልን። እኛ በሳምንት የምናወጣውን ዙር በደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ተአምር ነው፣ እንደ ልጅ ነው የፈነደቅሁት! መሣሪያውን ሲሞክር የቢሮውን ሠራተኞች ካርድ አስሞላን። "እትዬ ኸይሪያ፣ በቤትዎ ከብት አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩት፤ እውነቴን ነው። የኔ ነጥብ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቻዋን ቀረች። "ይቺ ከማንም ጋር አትገናኝም፣ ላጥፋት?" አለኝ። "ትንሽ ቆይ" አልኩት።

በሳምንቱ ሱቃችን ደጃፍ አብሮኝ ሻይ ሲጠጣ አንዲት ሴት በጭነት መኪና መጥታ ወረደች። "አካም? ናጋ?" ተባባልን። የልጆቹን ጠየቅኋት፣ የዝናቡን ጠየቅኋት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ "ጥቁሯ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት" አለችኝ። አባቴ ከመደርደሪያው ኋላ፣ "ስንተኛዋ ናት ይቺ ደግሞ?" አለ። "አባባ፣ አይቆጠርም" አልኩት። ልጁ ሻዩን አስቀምጦ ወደ ቢሮ ሮጠ።

ለእናንተ ለአዲሶቹ መረጃ ሰብሳቢዎች የምለው ይኼ ነው፦ ካርድ ስትሞሉ ሰውዬው ቤት ያለውን ብቻ ጽፋችሁ አትነሡ። ደጃፉ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጡና ማን እንደሚመጣ እዩ።